ማድሪድ የተከራዩትን መኪና ፈረንሳይ ላይ ሆነው በአስቸኳይ ማስረከብ ሲኖርብዎ

መኪናውን የተከራየነው ማድሪድ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒም ከተማ ደርሰን ሳለ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ አባቴ በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። ታላቅ እህቴ «አይዟችሁ፣ ደህና ነው» አለች። ድምጿ ግን ሌላ ነበር። (አሁን ተሽሎት ቤቱ ገብቷል፣ ተመስገን።)

መጀመሪያ መኪናውን እዚያው ኒም ልናስረክብ ሞከርን። አፕሊኬሽኑ የፈረንሳይ ከተሞችን ጭራሽ አያሳይም። ስንደውል ደግሞ ሌላ አገር ለማስረከብ የተጠየቅነው ከኪራዩ በላይ ሆነ። ከማርሴይ ለየብቻ የሚቆረጡ ርካሽ ቲኬቶች አገኘንና ተውናቸው። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው ይቃጠላል፣ የሚክስ የለም። እስከ ማድሪድ መመለስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መንዳት ነው። በዚህ ሁሉ ውድ ጊዜ ባከነ።

የሠራልን ይሄ ነው፦ ማስረከቢያውን ከማድሪድ ወደ ባርሴሎና ኤርፖርት አስቀየርን። ያው ስፔን ውስጥ ስለሆነ የተጨመረብን ትንሽ ነው። ለውጡን በኢሜይል እንዲልኩልን አደረግን። በፈረንሳዩ አውራ ጎዳና ኤ9 ድንበሩን ተሻግረን የስፔኑ አውራ ጎዳና ኤፒ-7 ገባን፤ በጠቅላላው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድንበሩ እስከ ባርሴሎና ያለው ኤፒ-7 ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያስከፍልም። ነዳጅ ሞልተን፣ መለኪያውንና የመኪናውን አራት ጎን ፎቶ አንስተን ቁልፉን ሰጠን። በረራውን እስከ ቦሌ በአንድ ቲኬት ቆረጥን።

የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቢጫ ካርዳችሁን (ያለ ቪዛ የሚያስገባውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ማብቂያ ቀን እዩ። ካለፈበት ኢ-ቪዛውን እዚያው መንገድ ላይ በስልክ አመልክቱ።