10 ደቂቃ ሄዶ የሚጠፋው ሞተር

አሮጌው ባለ አራት ጎማ ሞተሬ ሲነሳ ደህና ነው። 10 ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ግን ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየርኩ። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቼ አጠብኩ። ከንቱ ድካም!

አንድ ቀን ልክ እንደጠፋ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፈትኩት። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ወዲያው ተነሳ። ለካ የክዳኑ መተንፈሻ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል! ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ፣ ነዳጁ ወደ ካርቡራተር መውረድ ያቅተዋል። ሲያርፍ የሚነሳው አየር ቀስ እያለ ሾልኮ ስለሚገባ ነው።

ክዳኑን በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥቤ፣ መተንፈሻውን በጎማ መንፊያ ነፋሁት። ውሃ ታንክ ውስጥ እንዳይገባ በደንብ አድርቄ ገጠምኩት። አሁን ሰዓት ሙሉ ስነዳው አንዴም አልጠፋም። ካንዴላውስ? እሱ እንኳን መቀየር ነበረበት።