በክፍት ምንጭ ባዮኢንፎርማቲክስ ሥራ ተማሪም አማካሪም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎግል በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ሰመር ኦፍ ኮድ» የተባለው መርሐ ግብር ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ከክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ከሆነ) ጋር ያገናኛል፤ ተሳታፊው ለጥቂት ወራት በአማካሪ እየታገዘ ኮድ ይጽፋል፣ ክፍያም ያገኛል። ባዮፓይተንን፣ ባዮፐርልንና ባዮጃቫን የመሳሰሉ፣ የባዮሎጂ መረጃን በኮምፒውተር ለመተንተን የሚያገለግሉ ፕሮጀክቶችን ያሰባሰበው ኦፕን ባዮኢንፎርማቲክስ ፋውንዴሽንም በ2010 በአማካሪ ድርጅትነት ገብቶበታል። ስሙ «ሰመር» ይባል እንጂ አገር ቤት ላለ ተማሪ ወቅቱ ክረምት ነው፤ ዝናቡ መብራቱንም ኢንተርኔቱንም ይዞ የሚሄድበት ጊዜ። እኔ በዚህ ዓይነት ሥራ መጀመሪያ በተማሪነት፣ በኋላም በአማካሪነት አልፌያለሁ። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው፤ የቀሩትን ደግሞ ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ የትኛውን ማን እንደሠራው ተምታቶብኛል።

ድምፅ አጥፍቶ መሥራት

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በግል ላፕቶፕ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ኮድ ግን ይነቅዛል፤ ዋናው ኮድ በየቀኑ ስለሚለወጥ በሰኔ የተጻፈው በነሐሴ ሊዋሐድ ሲሞከር በየመስመሩ ይጋጫል። ከሁሉም ስህተት የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በየሳምንቱ ዓርብ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው» የሚል አጭር መልእክት ትልክልኛለች፤ እኔም በሌላ ሥራ ተወጥሬ ስለነበር ቃሏን ተቀብዬ አልፋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት፣ የአጋማሹ ግምገማ ሲቃረብ፣ እስቲ አብረን እንየው ብያት ስንከፍተው ሥራው በሁለተኛው ቀን ላይ ቆሞ ነበር። የፕሮጀክቱ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ክፍል በእሷ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል አልሆን (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቋንቋ አልተረጎም) ሲላት፣ ምክንያቱን እንደ መጠየቅ ያንን ክፍል በሙሉ በፓይተን እንደ አዲስ ልጽፈው ብላ አራት ሳምንት ብቻዋን ስትታገል ከርማለች። ለካስ ኮምፓይለሩ ራሱ አልተጫነም ነበር፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀብንም። ለምን አልጠየቅሽኝም ስላት «እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ ነው» አለችኝ።

ልቆጣት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አስተዳደጋችን ነው። ታላቅን ደጋግሞ መጠየቅ ድፍረት፣ ያላለቀ ሥራ ማሳየትም ውርደት እንደሆነ እየተነገረን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን በአጋማሹ ግምገማ ያላለፈ ተሳታፊ ይሰናበታል፣ አማካሪውም ያላየውን ሥራ ሊያሳልፍ አይችልም፤ ስለዚህ በአክብሮት ዝም ያለው ተማሪ አማካሪውን ከማንም በላይ ያስጨንቀዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ኮዱ ገና ሦስት መስመር እያለ፣ ድራፍት ፑል ሪኩዌስት (ያላለቀ ኮድን ለሌሎች እይታ ማቅረቢያ) ይክፈቱ። ማታ ማታ የሠሩትን ይላኩ፤ ባይሠራም ይላኩ። አንድ ችግር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆሙ ይጠይቁ፤ ጥያቄውም ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሁን፤ እኔ ተኝቼ ከሆነ ሌላ ሰው ይመልስልዎታል፣ መልሱም ለሚቀጥለው ጀማሪ ይቆያል። ምን ትእዛዝ እንዳስኬዱ፣ ምን ስህተት እንደወጣ፣ ምን ምን እንደሞከሩ በጽሑፍ ይግለጹ። በጽሑፍ ስል በፊደል ማለቴ ነው፤ በስልክ የተነሳ፣ ግማሹ በመስኮት ነጸብራቅ የተሸፈነ የስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ተልኮልኝ «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» የተባልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፎቶ ላይ የስህተት መልእክት ቀድቼ ልፈልግ አልችልም።

ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር አለማጣራት

በዲኤንኤ ቅደም ተከተል ላይ አንድን ክልል ለማመልከት ሁለት የአቆጣጠር ልማዶች አሉ። ጂኤፍኤፍ፣ ቪሲኤፍና ሳም የተባሉት የፋይል ዓይነቶች የመጀመሪያውን ፊደል 1 ብለው ይቆጥራሉ። ቤድ የተባለው ግን ከ0 ይጀምራል፣ የመጨረሻውንም ቁጥር በክልሉ ውስጥ አያስገባም፤ ፓይተንም እንደዚሁ። የሳም ሁለትዮሽ ቅጂ የሆነው ባም ደግሞ በሆዱ ከ0 ይቆጥራል። ሰዓትን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር እኛ ይህን ከማንም ቀድመን ልንረዳው ይገባን ነበር። ባሕር ዳር የሚኖር አንድ ተማሪ «ሰኞ በ3 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ ይይዛል፤ ጠዋት ጠብቆ ጠብቆ ሰው ሲያጣ ወጥቶ ይሄዳል፤ ጀርመን ያለው ተባባሪ አማካሪ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ሰዓት አክባሪዎች ነበሩ።

በኮድ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። የአንድ ዘረመል መነሻ በጂኤፍኤፍ ፋይል ከ101 እስከ 109 ተብሎ ተመዝግቧል፣ ፊደሎቹም ኤቲጂ፣ ጂሲሲ፣ ኤኤኤ ናቸው እንበል፤ እያንዳንዱ ሦስት ፊደል አንድ የፕሮቲን ክፍል (አሚኖ አሲድ) ያመለክታል። ይህ ክልል በፓይተን ከ100 እስከ 109 ነው። ጀማሪው 101ን እንዳለ ወስዶ ሲቆርጥ የመጀመሪያዋ ኤ ትቀርበታለች፤ ንባቡ ቲጂጂ፣ ሲሲኤ ይሆናል፤ በሜቲዮኒን፣ በአላኒንና በላይሲን መጀመር የነበረበት ፕሮቲን በትሪፕቶፋንና በፕሮሊን ይጀምራል። ፕሮግራሙ ግን አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አያወጣም፤ የተሳሳተውን ፕሮቲን ትክክለኛውን በሚያትምበት እርጋታ ያትመዋል። እኔ በተማሪነቴ ይህን ስህተት ይዤ ሦስት ሳምንት ሄጃለሁ። ያወቅሁትም አንዲት ባዮሎጂስት ውጤቱን አየት አድርጋ «ፕሮቲኖችህ ምነው አንዱም በሜቲዮኒን አይጀምር?» ስትለኝ ነው። ይህን የሚጠይቅ አንድ ቴስት (ኮዱን የሚፈትን አጭር ኮድ) ጽፌ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር።

መፍትሔው ቁጥሩን መግቢያው በር ላይ መለወጥ ነው። በ2012 በዚሁ መርሐ ግብር ተሠርቶ በ2013 ከባዮፓይተን 1.61 ጋር የወጣው ሰርችአይኦ የተባለው ሞጁል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተመሳሳይ ቅደም ተከተሎችን ከሚፈልጉት ፕሮግራሞች ብላስት ከ1 ይቆጥራል፣ ብላት በፒኤስኤል ፋይሉ ከ0 ይቆጥራል፤ ብላስት በተቃራኒው ሰንሰለት ላይ ሲሆን መነሻውን ከመድረሻው የሚያስበልጥበትም ጊዜ አለ። ሞጁሉ ሁሉንም ሲያነብ ወደ ፓይተን አቆጣጠር ይለውጣቸዋል፣ መነሻውም ምንጊዜም ከመድረሻው እንዳይበልጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ በኮዱ መሐል «አንድ ደምር» ወይም «አንድ ቀንስ» የሚል መስመር ካየሁ ተማሪዬን አስቁሜ ምክንያቱን እጠይቃለሁ።

ያለውን የፋይል ማንበቢያ ኮድ ትቶ አዲስ መጻፍ

እያንዳንዱ ጀማሪ የፋስትኪው ፋይል (የዲኤንኤ ፊደላትን ከነንባብ ጥራታቸው የሚይዝ) ማንበቢያ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደሚጽፍ ያምናል። መዝገቡ አራት መስመር ነው፣ የመጀመሪያው በኢሜይል አድራሻ መካከል በምናውቀው በ«ኤት» ምልክት ይጀምራል፤ እንግዲህ በዚህ ምልክት የሚጀምር መስመር ሁሉ አዲስ መዝገብ ነው ይላል። አይደለም። በአራተኛው መስመር የሚቀመጡት የጥራት ነጥቦች በምልክት የሚጻፉ ሲሆኑ፣ በዛሬው አጻጻፍ ያው «ኤት» የ31 ነጥብ ምልክት ነው፤ የጥራት መስመሩም በእሱ ሊጀምር ይችላል። «በዛሬው» ያልኩት የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያ አምራቹ ኢሉሚና ለጥቂት ዓመታት በነጥቡ ላይ በ33 ምትክ 64 እየደመረ ይጽፍ ስለነበር ነው፤ የዚያ ዘመን ፋይሎች አሁንም በየመዝገብ ቤቱ አሉ። የኮዶን (የሦስት ፊደሉ ቃል) ትርጉም ሠንጠረዥም በእጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ቲጂኤ በተለመደው ሠንጠረዥ የማቆሚያ ምልክት ሲሆን በሰው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ግን ትሪፕቶፋን ነው። እነዚህን ጉድጓዶች ሌሎች ቀድመው ወድቀውባቸው እንደ ባዮፓይተን ባሉ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ውስጥ ደፍነዋቸዋል። አዲስ ማንበቢያ መጻፍ ካስፈለገ ቀድሞ የነበረው ለምን እንዳልበቃ በፑል ሪኩዌስቱ ላይ ይጻፍ።

ባጭሩ የማልፋቸው

ብላስትን የሚተካ ፕሮግራም በአንድ ክረምት እሠራለሁ የሚል የሥራ ሐሳብ አይላኩ።

ቴስትና የአጠቃቀም መመሪያ በመጨረሻው ሳምንት የሚል የጊዜ ሰሌዳ ሳይ፣ ሁለቱም እንደማይሠሩ አውቃለሁ።

አራት መስመር ለማስተካከል የፋይሉን ክፍተቶች ሁሉ በራስ ሰር አሰካክቶ ሁለት ሺህ መስመር የተለወጠበት ፑል ሪኩዌስት መላክ አንባቢውን መቅጣት ነው። ማሳመሩ ከፈለጉ ለብቻው ይምጣ።

የሙከራ መረጃ ትንሽ ይሁን። አንድ ተማሪ የሙሉ ጂኖም ባም ፋይል ኮሚት አድርጎ (በኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ መዝግቦ)፣ ኮዱ የሚቀመጥበት ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ አልቀበልም ሲለው ፋይሉን ቆራርጦ አስገባው፤ ስህተቱን አውቆ ቢሰርዘውም በጊት ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው ሁሉ ዋጋውን ይከፍላል። በ1977 ጂኖሙ የተነበበው ፋይኤክስ174 የተባለው ቫይረስ 5,386 ፊደላት ብቻ አሉት፤ ለአብዛኛው ቴስት ይበቃል።

የዘረመል ስሞችን በኤክሴል አይክፈቱ። ሴፕት2 ሴፕቴምበር 2 ቀን ሆኖ ይመለሳል፤ ችግሩ ከመብዛቱ የተነሳ የሰው ዘረመሎችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 የነዚህን ዘረመሎች ስም እስከ መለወጥ ደርሷል።

ከሌላ ፕሮጀክት ኮድ ከመቅዳትዎ በፊት ፈቃዱን ያንብቡ፤ በጂፒኤል (ከእሱ የተሠራው ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲሆን በሚያዝ ፈቃድ) የተለቀቀ ኮድ ልቅ ፈቃድ ወዳለው ፕሮጀክት እንዲሁ አይገባም።

የአማካሪዎች ስህተት

ተማሪውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ ያቺ ተማሪ አራት ሳምንት የጠፋችው እኔም ኮዷን ከፍቼ ስላላየሁ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓርብ መልእክት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የኮሚት ዝርዝሩን ነው። ለአንድ ተማሪ አንድ አማካሪ ብቻ መመደብም ስህተት ነው፤ አማካሪው ይታመማል፣ እረፍት ይወጣል፣ ሥራ ይቀይራል።

ከሁሉ የከፋው የራሴ ስህተት ግን በመጀመሪያው የአማካሪነት ዓመቴ የሆነው ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ 140 መስመር የሚሆን ኮድ ልኮልኝ፣ ሐሳቡ ትክክል ሆኖ አጻጻፉ የተዝረከረከ ስለነበር፣ ማታ ቁጭ ብዬ በሙሉ እንደገና ጻፍኩትና በ60 መስመር መለስኩለት። ያገዝኩት መስሎኝ ነበር። ጠዋት «በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» የሚል መልስ አገኘሁ፤ ከዚያም ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ኮሚት አልመጣም። በአሥረኛው ቀን ስደውልለት «እርስዎ በአንድ ሌሊት ከጨረሱት የእኔ መቀጠል ምን ይጠቅማል ብዬ ነው» አለኝ። ክረምቱን ለመጨረስ ብዙ አግባብቼዋለሁ፤ ጨረሰም፣ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የላከልኝ ኮድ ሁሉ የሚያስፈራውን ሰው ለማስደሰት የተጻፈ ይመስል ነበር። ዛሬ የተዝረከረከ ኮድ ሲላክልኝ እጄ ይበላኛል፤ አንድ ሁለት ጥያቄ ከመስመሩ ጎን ጽፌ ላፕቶፑን እዘጋለሁ።