ከ1870 በፊት የጠፋውን ዘመድ ያገኘሁበት መንገድ

ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዘሩ ከቨርጂኒያ ይመዘዛል። ልጆቻችን በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን እ.ኤ.አ. ከ1870 የሕዝብ ቆጠራ አያልፉም ነበር። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች በባርነት የተያዙት በጌታቸው ስም ሥር፣ በአብዛኛው ያለ ስም፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው የሰፈሩት። እንደ ከብት።

መፍትሔው የተገኘው ከባንክ መዝገብ ነው፤ ማን ይጠረጥራል! በ1865 ነፃ ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው የፍሪድማንስ ባንክ በ1874 ሲዘጋ የስንቱን ድኻ ቁጠባ ይዞ ወደቀ። መዝገቡ ግን ተርፏል፤ ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይፈለጋል። ደንበኛው የትውልድ ቦታውን፣ የወላጆቹንና የእህት ወንድሞቹን ስም፣ አንዳንዴም የቀድሞ ጌታውን ያስመዘግብ ነበር።

በባለቤቴ ወገን ባለችው ቅድመ አያት ስም ስፈልግ ምንም አልመጣም። በ1870 አብሯት የተቆጠረውን ወንድሟን አስገብቼ፣ የቤተሰቡን ስም አጻጻፍ እየቀያየርሁ ስሞክር የባንኩ የሪችመንድ (ቨርጂኒያ) ቅርንጫፍ ገጽ ተከፈተ፦ ሥራው የትምባሆ ፋብሪካ፤ ከእህቶቹ መካከል የእኛዋ ሴት፤ ከበላይዋ ደግሞ በየትኛውም ሰነድ ያላየናት እናታቸው፣ በስሟ።

ገጹን አትሜ ለአማቴ አሳየኋቸው። «ይህን ስም አያቴ ሲያነሱት ሰምቻለሁ» ብለው ወሬ ጀመሩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፃቸውን መቅዳት ቀጠልሁ።