የ1993ቱን «ሰከንድ ሪያሊቲ» በብሮውዘር ላይ እንደገና መሥራት

ዴሞ ጌም አይደለም። አትጫወቱበትም፤ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ቪዲዮም አይደለም። ምስሉ ቀድሞ ተቀርጾ አልተቀመጠም፤ ኮምፒውተሩ እዚያው እያሰላ ነው የሚስለው። አውሮፓ ውስጥ ወጣቶች ተሰብስበው ከማሽናቸው የመጨረሻዋን ጠብታ እየጨመቁ የሚወዳደሩበት ጥበብ ነው። ፊንላንድ በ2020 በብሔራዊ የሕያው ቅርስ መዝገቧ ውስጥ አስገብታዋለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዴሞዎች ሁሉ ስሙ ከገነኑት አንዱ «ሰከንድ ሪያሊቲ» ነው። ፊውቸር ክሩ የተባለ የፊንላንድ ቡድን በ1993 አሴምብሊ በተባለው ውድድር ላይ አቅርቦት በፒሲ ዘርፍ አንደኛ ወጣበት። በ2013፣ ልክ በ20 ዓመቱ፣ ቡድኑ ሶርስ ኮዱን ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ለቀቀው። ለመለማመጃ እሱን እንያዝ። ሙሉውን ግን አይደለም። አንድ ክፍል ብቻ፣ ፕላዝማውን፤ ቀለማት እንደ ፈሳሽ እየተቀላቀሉ ስክሪኑን የሚሞሉበትን። ጃቫስክሪፕት ትንሽ ለነካካ ሰው የሚከብድ አይደለም።

ኮዱን አንብቡት እንጂ አትገልብጡት

መጀመሪያ ዋናውን ዶስቦክስ በሚባለው፣ የድሮ የዶስ ፕሮግራሞችን በሚያስነሣ ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ እዩት። አንዴ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ። ደብተር ያዙ። ቀለሙ መቼ ተቀየረ? ሙዚቃው የቱ ምት ላይ ሲደርስ? ይህችን ማስታወሻ በኋላ ትፈልጓታላችሁ።

ከዚያ ኮዱን ክፈቱ። አብዛኛው ሲ (C) እና አሴምብሊ በተባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጻፈ ነው። (የቋንቋውና የውድድሩ ስም መገጣጠሙ ግር አይበላችሁ።) እኔ ስጀምር መስመር በመስመር ወደ ጃቫስክሪፕት ልመልሰው ብዬ ሁለት ቅዳሜ አቃጥያለሁ። ከንቱ ድካም ነው። ያ ኮድ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ቪጂኤ ከሚባለው የስክሪን ካርድ ጋር ነው፤ ካርዱ ደግሞ እናንተ ጋ የለም። እናንተ የምትፈልጉት ሒሳቡን ነው። ምን ከምን ጋር ተደመረ? በምን ፍጥነት ሄደ? በቃ።

የድሮውን ስክሪን መልሶ መሥራት

በጊዜው በጣም የተለመደው የዴሞ ስክሪን ወርዱ 320፣ ቁመቱ 200 ፒክስል ነበር። ባንድ ጊዜ የሚታየው 256 ቀለም ብቻ ነው። አንድ ፒክስል አንድ ባይት ስለሚይዝ ጠቅላላው 64,000 ባይት ይመጣል። ስለዚህ 64,000 ባይት የሚይዝ አሬይ ክፈቱ። ስክሪናችሁ እሱ ነው። ውስጡ የሚገባው ቀለም አይደለም፤ የቀለም ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 255። የቀለሞቹ ዝርዝር፣ ማለትም ፓሌቱ፣ ለብቻው ይቀመጣል። ብልሃቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፓሌቱን ብቻ ስትቀይሩ አንድም ፒክስል ሳትነኩ ምስሉ በሙሉ ይለወጣል።

አንዷን ቀለም ጠጋ ብለን እንያት። ቪጂኤ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን የሚለካው ከ0 እስከ 63 ነው። ብሮውዘር ደግሞ ከ0 እስከ 255። ብዙ ሰው በ4 ያባዛና ያልፋል። 63 በ4 ሲባዛ ግን 252 ነው። ነጩ ነጭ አይሆንም፤ ትንሽ ይደበዝዛል። በ255 አባዝታችሁ ለ63 አካፍሉና አጠጋጉ።

የብሮውዘሩ መሳያ ሰሌዳ፣ ካንቫስ፣ ለአንድ ፒክስል 4 ባይት ይፈልጋል። አራቱን ባንዴ እንደ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር መጻፍ በጣም ይፈጥናል። ግን ተጠንቀቁ። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ላይ ቀዩ ከቁጥሩ ግርጌ፣ ሰማያዊው ወደ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ይህን ረስቼ እሳት መምሰል የነበረበት ፕላዝማ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሒሳቡን ስፈትሽ ቆየሁ። ሒሳቡ ምንም አልነበረበትም።

ሌላ ሁሌ የሚረሳ ነገር አለ። የያኔ ሞኒተሮች 4 ለ3 ነበሩ፤ 320 በ200 ግን 4 ለ3 አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፒክስል ቁመቱ ከወርዱ በ20 በመቶ ይበልጥ ነበር። እንዳለ ካሳያችሁት ክቡ ነገር ሁሉ ተጨፍልቆ ይወጣል። ወርዱን 5 ጊዜ፣ ቁመቱን 6 ጊዜ ብታጎሉት 1600 በ1200 ይመጣል፣ ልክክ ይላል። ለትንሽ ስክሪን ሲኤስኤስ ላይ 4 ለ3 አድርጉት። ብሮውዘሩ ፒክስሎቹን እንዳያለሰልሳቸው የምስል አሳሳሉን (image-rendering) «ፒክስሌትድ» (pixelated) በሉት።

ፕላዝማው

256 ቦታ ያለው የሳይን (እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ዋጋ) ሠንጠረዥ አንዴ አስልታችሁ አስቀምጡ። ዋጋዎቹ ከ0 እስከ 63 ይሁኑ። ለእያንዳንዱ ፒክስል ከሠንጠረዡ አራት ዋጋ አንሱ፤ አንዱን በአግድም ቦታው፣ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በሁለቱ ድምር፣ አንዱን በልዩነታቸው። አራቱም ላይ ጊዜን በተለያየ ፍጥነት ጨምሩ። ከ255 ሲያልፍ ወደ 0፣ ከ0 ሲያንስም ወደ 255 ይመለስ። የአራቱ ድምር ከ252 አይበልጥም፤ እሱው የቀለም ቁጥራችሁ ነው። የፊውቸር ክሩ ከዚህ ይወሳሰባል። መሠረቱን ከያዛችሁ ግን ኮዳቸው ይገባችኋል።

ከተንቀራፈፈባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሳይኑ አይደለም፤ በየፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በሚሳል በእያንዳንዱ ምስል፣ አዲስ አሬይ እየፈጠራችሁ ነው። አንዴ ፍጠሩ፣ እሱኑ ደጋግማችሁ ሙሉት።

ሰዓቱ

ብዙ ሪሜክ (እንደገና የተሠራ ዴሞ) የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያ ስክሪን በሰኮንድ 70 ጊዜ ይታደስ ነበር፤ ዴሞውም በዚያ ምት ይራመዳል። የእናንተ ላፕቶፕ ምናልባት 60 ነው፣ የጓደኛችሁ የጌም ሞኒተር 144። በየፍሬሙ አንድ እርምጃ ካስኬዳችሁት እናንተ ጋ ይጎተታል፣ እሱ ጋ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይከንፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍሬም አትቁጠሩ። ያለፈውን ሰኮንድ በ70 አባዙት፤ አሁን ስንተኛው እርምጃ ላይ መሆን እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ያለፈውን ሰኮንድ ከየት ታመጣላችሁ? ከሙዚቃው። ዓይን አንድ ፍሬም ቢዘለል ብዙም አያውቅም፤ ጆሮ ግን መቆራረጥን አይምርም። ስለዚህ ድምፁ ይምራ፣ ምስሉ ይከተል።

ሙዚቃው የፐርፕል ሞሽንና የስካቨን ነው፤ ገጻችሁ ላይ ስማቸውን አስፍሩ። ፋይሉ ኤምፒስሪ አይደለም፤ ኤስስሪኤም ነው። ትንንሽ የድምፅ ናሙናዎችና «መቼ፣ በምን ቃና ይጫወቱ» የሚል ሠንጠረዥ ነው ያለበት። ብሮውዘር በራሱ አያነበውም። ሊብኦፕንኤምፒቲ የሚባለው ነጻ ላይብረሪ በዌብአሴምብሊ (በብሮውዘር ውስጥ ፈጣን ኮድ ማስኬጃ) ያጫውትላችኋል፤ ስትጠይቁት ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳለም ይነግራችኋል። ያቺን ደብተር አሁን አውጧት። «ቀለም ቀይር» የሚለውን ትእዛዝ ከሰኮንድ ጋር ሳይሆን ከረድፉ ጋር እሰሩት።

አንድ እንቅፋት አለ። ብሮውዘር ተጠቃሚው ሳይነካው ድምፅ አያወጣም። ይህን ወደ ጌጥ ቀይሩት። የድሮው ዴሞም ከመጀመሩ በፊት የትኛው የድምፅ ካርድ እንዳላችሁ በሜኑ ይጠይቅ ነበር። እንደዚያ የመሰለ ሜኑ ሥሩለት፤ ጠቅ ሲደረግ ይጀምር። ብልጭ ድርግም የሚል ምስል እንዳለውም እዚያው አስጠንቅቁ።

በመጨረሻ ዶስቦክስን በግራ፣ ብሮውዘሩን በቀኝ አድርጋችሁ ባንድ ላይ አስነሷቸው። ይህን ስታደርጉ የብሉቱዝ ማዳመጫ አታድርጉ፤ ድምፁን ስለሚያዘገየው ጤነኛውን ኮድ ታበላሻላችሁ። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ወደ ሮቶዙመሩ እለፉ፣ ሥዕሉ እየዞረ ወደሚቀርብና ወደሚርቅበት። ስክሪኑ፣ ፓሌቱና ሰዓቱ አልቀዋል። የሚቀራችሁ አዲሱ ሒሳብ ብቻ ነው።