የከተማችሁን ቤተ መጻሕፍት የነገ ፕላን እንዴት ታወጣላችሁ?

ደብረ ብርሃንም ሁኑ ደብረ ሲና ወይ መሐል ሜዳ፣ ፕላን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሳምንት በሩ ጋ ቁጭ በሉና ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ መዝግቡ። በተለይ 11 ሰዓት ሲዘጋ ደብተሩን አቅፎ የሚመለሰውን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቁጠሩት፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የማይመጡትንም በገበያ ቀን ጠይቋቸው።

መጽሐፍ ከመግዛት በፊት ክፍሉ ይስተካከል፣ ደብረ ብርሃን እኮ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት ህዳርና ታህሳስ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል ገጽ መግለጥ ራሱ ያቅታል፣ ስለዚህ የተሰበረ መስኮት መጠገንም ፕላን ውስጥ ይግባ። መብራት ሲጠፋ የሚሰራ ሶላርና ያለ ኢንተርኔት የሚከፈቱ ትምህርቶች የተጫኑበት ሁለት ሦስት ኮምፒውተርም ጨምሩ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁን ቀደም ብላችሁ በመጋቢት አስገቡ፣ ሰኔ ላይ ብትሮጡ አልቋል ነው የምትባሉት።