አሮጌውን ኮምፒውተር ከመሸጣችሁ በፊት ፎንቱን አውጡ

ቤታችሁ ዊንዶውስ 98 ወይም ኤክስፒ ያለበት ዴስክቶፕ አለ? በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ የድሮ ፋይሎች አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ፋይሉ አልተበላሸም፣ እንዳታጠፉት! ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች ግዕዙን የደረቡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥሩ ያለው ላቲን ነው።

ከአሮጌው ማሽን፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ክፈቱና የግዕዞቹን በፍላሽ ገልብጡ። (ዊንዶውስ 98 ድራይቨር፣ ማለትም ፍላሹን የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም፣ ካልተጫነለት ፍላሽ አያነብም። እዚያ ላይ ትንሽ ትለፋላችሁ።) አዲሱ ላይ ስትጭኗቸው ጽሑፉ ይመለሳል። ያኔ ፎንቱን አብሮ እንዲይዝ አድርጋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት።