ከአሮጌ መጫወቻ ጉድ የሚያሰኝ ድምፅ ማውጣት

ደሴ ፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ ጎራ በሉ። የተጣለ የልጆች ኦርጋን ወይም የሚያወራ መጫወቻ አይጠፋም። ጌም ከሆነም በእጅ የሚያዘው ይሻላል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ብቻ ውሰዱ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ከፍታችሁ እንዳትነኩ፤ ይገድላል።

ይህን የመጫወቻን ውስጥ እየነካኩ አዲስ ድምፅ የማውጣት ጨዋታ (ሰርኪት ቤንዲንግ ይሉታል) ያስለመደው አሜሪካዊው ሪድ ጋዛላ ነው። በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) መሳቢያው ውስጥ ክዳን የሌለው ትንሽ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ከብረት ጋር ተነካክቶ ጮኸ፤ ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው።

ብሎኑን ፍቱ። መጫወቻው እየጮኸ ጣታችሁን በውሃ አርጥባችሁ ከኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ጀርባ ያሉትን የብየዳ ነጥቦች ዳስሱ። ድምፁ የተንቀጠቀጠበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ነጥቦችን በቀጭን ሽቦ ሞክሩ። የባትሪውን ፕላስና ማይነስ ግን በቀጥታ እንዳታገናኙ። የወደዳችሁት ቦታ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ በይዱ።

እኔን የሚያሳብደኝ ግን የድምፁን ፍጥነት የሚወስነው ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ነው። በብዙ መጫወቻ ቺፑ አጠገብ ትገኛለች። እሷን ነቅላችሁ በምትኩ እስከ 1 ሜጋኦም የሚደርስ ፖቴንሽዮሜትር (በማዞር የሚስተካከል ሬዚስተር) አስገቡ። ሲዞር የሚገታው መጠን ዜሮ እንዳይገባ ከእሱ ጋር በተከታታይ (በአንድ መስመር) ትንሽ ሬዚስተር ጨምሩ። ሲዞር የፕላስቲኳ ድመት እንደ በሬ ታገሳለች። እናቴ «ያ ረቢ! ጂን ገባበት እንዴ?» ትላለች። እኔ ደግሞ ከኦርጋኑ ይልቅ የሚያወራውን እመርጣለሁ፤ ቃል ሲጎተት የሚሰጠው ድምፅ ሌላ ነው።

መጫወቻው ድርቅ ብሎ አልሠራም ካለ ባትሪውን አውጥታችሁ መልሱት። ብዙ ጊዜ ይነሳል።